ከፍ አድርገህ ግፋ

የኛ በር ቋንቋ ነበረው፣ ለባዳ የማይገባ፤
ባለቤት ብቻ ነው ያለ ጣር፣ ያለ ጥሪ የሚገባ።
ከፍ አድርገህ ግፋ ነው ነገሩ፤ ጉልበትን ከሳንቃው አስጠግቶ፣
እጀታውን ሽቅብ አንስቶ፣ ከዚያ በትከሻ ገፍቶ፤
«ቀጭ» ይላል።
ገባህ ማለት ነው።

እጀታው ናስ ነበረ፤ ሞላው ከደከመ ቆይቷል፣
እንደ ታመመ የአህያ ጆሮ ቁልቁል ተንጠልጥሏል።
አውራ ጣታችን ያረፈበት፣ ሃያ ሦስት ዓመት የላሰው፣
ስስ ሆኖ፣ ለስልሶ፣ ወርቅ መስሎ፤ ሌላው ገላው ጥቁር ነው።

ታዲያ በጥር አንድ ሌሊት
የአዳማ ነፋስ ዘዴውን አጥንቶ መጣ።
ኮረብታው ላይ ያሉትን ነጫጭ ክንፎች ሲያሾር አምሽቶ፣
አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ከፍራንኮ በኩል አቧራ አንስቶ፣
ከፍ አደረገ፣ ገፋ፣ «ቀጭ»፤ እንደ ቤተሰብ ገብቶ
ድስት ከመደርደሪያ አወረደ፣ የሶፋ ልብስ ጎትቶ።
ትብለጥ ነቃች።
«በቃኝ!» አለች። «ሽቦ ታስሯል፤ ጨርቅ ተወትፏል፤
ሌባ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ሌባ እንኳ ሲወጣ ይዘጋል።»

ቅዳሜ ካቻቢቴ አነሳሁ።
ሦስቱ ብሎን በሰላም ወጡ፤ አራተኛዋ እምቢ አለች፣
ከእንጨቱ ጋር በዝገት ተጋብታ፣ ጣቴን ቀድዳ ነው የወጣች።
ነቅዬው፣ በፌስታል ጠቅልዬ፣ አንጠልጥዬው ይዤ፣
ከገበያው ጀርባ፣ ሙዘይን ሱቅ፣ በፀሐይ ደንዝዤ።
በሜትር ለካው፤ ገለበጠው፤ እንደ ጥርስ ሐኪም አየው፤
«አባባ፣ የዚህ ልክ ቀርቷል» አለኝ፣ «አዲሱን ነው የምንሸጠው።»
አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር። ተከራከርኩ፣ ለወጉ፤
ሃምሳ ብር ቀነሰልኝ፤ የሽበቴ ነው ማዕረጉ።

ቀዳዳው ከቀዳዳው አልገጠመም።
የክብሪት እንጨት በኮላ ነክሬ የድሮውን ቁስል ደፈንኩ፤
ትራፓኖ ከነበዳሳ ቤት ለምኜ አዲስ ሸነቆርኩ።
አሮጌው ሰሌዳ ከነበረበት አረንጓዴ ቀለም ብቅ አለ፣
ሌንሴ በተወለደች ዓመት የቀባሁት፣ እስካሁን እዚያው የዋለ።
ክሬሙም ሰማያዊውም ድንበሩ ላይ ነው የቆሙት፤
ሰነፍ ቀቢ፣ እጀታ ሳይነቅል፣ በብሩሽ ጫፍ ያዞረው።
ሰነፉም እኔ ነበርኩ።

ማክሰኞ ቁራሌው አልፎ፣ «ናስ ነው፣ በኪሎ ልመዝነው» አለ፤
ትብለጥ «ስጠው» አለችኝ፤ እጄ ግን ከእጀታው ላይ ዋለ።
ሚዛን ላይ ልማድ አይቆጠር፣ አውራ ጣት አይመዘን፤
ካልሲዬ መሃል ደበቅኩት፤ ታውቃለች፤ ዝም ተባባልን።

ሌንሴ ከአሰላ መጣች፣ አርብ ማታ፣ ሳትደውል።
መብራት ጠፍቷል።
ኮቴዋን ሰምቼ አልለየሁም። ሳንቃው ትንሽ ነቃነቀ፤
ጉልበት ተጠጋ፤ እጀታው ሽቅብ ተገፋ፤ አልተላቀቀ።
እንደገና። እንደገናም።
ከዚያ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን በር ያላንኳኳች ልጅ
አንኳኳች።
«ማነው?» አልኩ።
መጀመሪያ ዝም አለች።
«ቤቱን ቀየራችሁት እንዴ?» አለች፣ ገና ሳልከፍትላት።

ሳምንት ሞላው። በዳሳ በአንድ ጣት ከፍቶ «ይኼማ ቅቤ ነው» ይላል፤
እኛ ግን፣ ባለቤቶቹ፣ እጃችን ቀድሞ ሽቅብ ይላል።
ሌሊትም ሲነፍስ እሰማለሁ፣ ደጅ ቆሞ ሳንቃውን ሲነቀንቅ፤
ከፍ ያደርጋል፤ ይገፋል፤ ቆም ብሎ ደግሞ ከፍ ያደርጋል፤
እሱም እንደኛ፣ የድሮውን ብቻ ነው የሚያውቅ።